መርማሪው ማን ምን እንደወሰደ አይወቅ

በካዛንቺስ ሆቴሎች አዳራሽ የጤና ጥናት ውጤት ሲቀርብ ከእኛ ከጋዜጠኞች የሚነሡት ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ስንት ሰው ተሳተፈ? ስንት ብር ወጣ? መድኃኒቱ መቼ ገበያ ላይ ይውላል? «ውጤቱን የለካው ሰው ማን የትኛውን ሕክምና እንዳገኘ ያውቅ ነበር ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ከሁሉ መቅደም ያለበት ይህ ጥያቄ ነው እላለሁ።

ይህን የምለው ተመራማሪዎች ይዋሻሉ ብዬ አይደለም። እንዲያውም አስቸጋሪው ቅንነታቸው ነው። ለዓመታት የደከመበት ሕክምና ውጤት እንዲያመጣ የማይመኝ ሐኪም የለም፤ ታማሚውም መዳን ይፈልጋል። ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ፣ አንዲት እናት የሕመም ማስታገሻ ሲገዙ «የኔ ልጅ፣ የውጭውን ስጪኝ፤ የአገር ውስጡ አያሽለኝም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ፋርማሲስቷ ውስጡ ያለው መድኃኒት አንድ መሆኑን በትዕግሥት ብታስረዳቸውም አልተቀበሏትም። ሴትዮዋ የሚናገሩት የሚሰማቸውን ነው፤ ሰው ያሽለኛል ብሎ የዋጠው ነገር ሕመሙን በእርግጥ ሊያቀልለት ይችላል። ከመድኃኒቱ የመጣውን ለውጥ ከተስፋ ከመጣው መለየት የሚቻለው የሚነጻጸሩት ቡድኖች ተስፋቸው እኩል ሲሆን ነው።

ተመራማሪዎች ብላይንዲንግ የሚሉት ዘዴ ለዚህ የተበጀ ነው። ተሳታፊዎቹ በዕጣ ይመደባሉ። ከፊሎቹ አዲሱን መድኃኒት፣ ከፊሎቹ ደግሞ በመልክ የሚመስለውንና ፈዋሽ ንጥረ ነገር የሌለበትን ፕላሴቦ ወይም ነባሩን መድኃኒት ይወስዳሉ። ዕቃው ላይ የሚጻፈው ኮድ ብቻ ነው፤ ታማሚውም ሐኪሙም የቱ የቱ እንደሆነ አያውቁም።

በካናዳ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ ጥናት የዚህን ጥቅም ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። መልቲፕል ስክለሮሲስ በተባለው የነርቭ በሽታ የተያዙትን እነዚያኑ ታማሚዎች፣ ሕክምናቸውን የሚያውቁና የማያውቁ የነርቭ ሐኪሞች ለየብቻ መረመሯቸው። የሚያውቁት ከሕክምናዎቹ አንዱ ጥቅም እንዳለው ተመለከቱ፤ የማያውቁት ግን አንዳች ጥቅም አላዩም።

መድኃኒት በኮድ ይደበቃል፤ ቀዶ ሕክምናስ? መልሱ አማራ ክልል ውስጥ አለ። ትራኮማ ጸንቶባቸው ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የታጠፈባቸው ሰዎች ሕመሙ ሲብስባቸው ፀጉሩን በወረንጦ ይነቅላሉ፤ ዘላቂ መፍትሔው ግን ቀዶ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዶክተር እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቻቸው በ1,000 ታማሚዎች ላይ ሁለት የቀዶ ሕክምና ዘዴዎችን አነጻጸሩ። ቀዳጁ የሚሠራውን ሳያውቅ ሊሠራ አይችልም። ውጤቱን የሚመረምሩት ሰዎች ግን ማን በየትኛው ዘዴ እንደታከመ አልተነገራቸውም። ምርመራው ሽፋሽፍቱ ተመልሶ ብሌኑን ይነካ እንደሆነ ማየት ነው። አንዲት ቀጭን ፀጉር ነካች ወይስ ለጥቂት ሳተች? ምኞት ሹልክ ብሎ የሚገባው እዚህች ላይ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ በአንደኛው ዘዴ ከታከሙት 13 በመቶው፣ በሌላኛው ከታከሙት 22 በመቶው ችግሩ ተመልሶባቸዋል። መርማሪዎቹ ስላላወቁ ይህን ልዩነት በምኞት ማመካኘት አይቻልም።

በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተካሄደ የትራኮማ ጥናትም አለ። አዚትሮማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በተሰጠባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ መታየቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ለንጽጽር የተያዙት መንደሮች ግን ተራቸው እስኪደርስ ምንም አልተሰጣቸውም፤ ፕላሴቦ አልነበረም። ተመራማሪዎቹ በዚህ አልረኩም። ኒጀር፣ ማላዊና ታንዛኒያ ውስጥ 190,000 ገደማ ሕፃናት በተካተቱበት ሙከራ፣ በፕላሴቦ ተነጻጽሮና የቱ መንደር ምን እንደደረሰው ተደብቆ ጥያቄው እንደገና ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት 13.5 በመቶ ቅናሽ ነበር። ልዩነቱ ሁሉ ከመደበቁ የመጣ አይደለም፤ አገሩም የሕፃናቱ ዕድሜም ይለያያል። ሆኖም ያነሰችው ቁጥር ይበልጥ የምትታመን ናት፤ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት የሚነካ ውሳኔም ሊቆም የሚገባው በእንዲህ ያለ ማስረጃ ላይ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ከአገር በቀል ዕውቀት የተቀመመ የኮሮና መድኃኒት መሠረታዊ ምርምሩን አልፏል ሲባል ብዙዎቻችን መድኃኒቱ እንደተገኘ ቆጥረን ደስ ብሎን ነበር። የአገር በቀል መድኃኒት ክብሩ ግን እንደማንኛውም መድኃኒት በጥብቅ ሲፈተን ነው። ወደፊትም ተመሳሳይ መግለጫ ሲሰጥ «መርማሪው ያውቅ ነበር ወይ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ወይም ሙከራው ገና ካልተደረገ፣ ዜናችን «መድኃኒት ተገኘ» ሳይሆን «ገና እየተጠና ነው» ይበል። የእኛን ዜና አምኖ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት የሚያቋርጥ ታማሚ አለና።