ቁልፍ ለማስቀረጽ ስንት ጥያቄ?

የቤት ቁልፍ ልናስቀርጽ ሄደን ቁልፍ ቀራጩ «ቁልፉ ላይ የማሰፍርላችሁ አስተያየት አለ?» ቢለን፣ ሰውየውን ምን ነካው ብለን ወደ ጎረቤቱ እንሻገራለን። ኢሜይላችንን የሚቆልፍልን ሶፍትዌር ግን ይህንኑ ሲጠይቀን አቀርቅረን እንመልሳለን።

የምናወራው ስለ ጂፒጂ ነው፤ መልእክታችንን ከላክንለት ሰው በቀር ማንም እንዳያነበው ስለሚያመሰጥረው ነጻ ሶፍትዌር። ለብዙ ዓመታት አዲስ ቁልፍ ልፍጠር ያለ ጀማሪ መጀመሪያ የቁልፉን ዓይነት ከእነ አርኤስኤ፣ ዲኤስኤና ኤልጋማል መሐል እንዲመርጥ ይጠየቅ ነበር። ከዚያ መጠኑን፣ የሚያበቃበትን ጊዜ፣ ስሙን፣ ኢሜይሉን። በመጨረሻም አንዲት ቃል ትመጣለች፦ «አስተያየት»።

ስለምን? አትናገርም። ባዶ መተው እንደሚቻልም አትናገርም። ፕሮግራሙ በምሳሌነት ያቀርብ የነበረው ጀርመናዊውን ሃይንሪኽ ሃይነን ሲሆን፣ ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ «ገጣሚው» ይል ነበር። እኛ ገጣሚ ካልሆንንስ? ግራ የገባው «የኔ ቁልፍ» ብሎ ይሞላል፤ ሌላው የመሥሪያ ቤቱን ስም ይጽፋል። ያ ጽሑፍ የማንነቱ አካል ሆኖ ከቁልፉ ጋር ይዞራል። አንዴ ወደ ቀድሞዎቹ የቁልፍ ሰርቨሮች ከወጣ ደግሞ መሰረዝ የለም፤ ሥራውን ቢለቅም ቅንፉ አይለቀውም። ቁልፉ የእርሱ መሆኑን በፊርማው የሚመሰክርለት ወዳጁስ? ስሙን መታወቂያ አይቶ ያረጋግጣል፤ ገጣሚነቱን በምን ያረጋግጥ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ነገሩ የኢንጂነሮች ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 አልማ ዊትን እና ዳግ ታይጋር ፒጂፒ 5.0ን ለ12 ሰዎች ሰጥተው 90 ደቂቃ ሲሞክሩ፣ በትክክል አመስጥሮና ፈርሞ መላክ የቻለው ሲሶው ብቻ ነበር። በኛ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ሲከሰሱ፣ የኢንተርኔት ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ራሱ በክሱ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የሽብር ክሱ የፈረሰው በ2015 ነው። እንዲህ ባለ አገር ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ተሰላችቶ «ይቅርብኝ» ያለ ሰው መልእክቱን ገልጦ ይልካል።

«ምርጫ ማብዛት ነጻነት ነው» የሚሉ አሉ። እኛ ግን ምርጫ ነጻነት የሚሆነው ለሚያውቀው ነው እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጂፒጂ 2.1 አጭሩን ትእዛዝ ስምና ኢሜይል ብቻ እንዲጠይቅ አደረገው፤ ሙሉው ዝርዝር ለሚፈልገው በሌላ ትእዛዝ ተቀመጠ። ማን ተጎዳ? ማንም። ይሁን እንጂ «አስተያየት» ከረጅሙ ዝርዝር ውስጥ አልወጣችም፤ ጀማሪን በቀጥታ ወደዚያ የሚልኩ መመሪያዎችም ዛሬም አሉ።

ጥያቄ ሁሉ ይጥፋ አላልንም። የይለፍ ሐረግ የግድ ይጠየቅ፤ ፕሮግራሙ ሊያውቀው አይገባምና። የቁልፉን ዓይነት ግን ፕሮግራመሩ ከኛ የተሻለ ያውቃል፤ እርሱው ይወስን። «አስተያየት»ን ደግሞ ማንም ስላልፈለጋት ትሰናበት።

ፕሮግራመር ወዳጆቻችን፣ «አማራጭ ነው» ብላችሁ አንድ መስመር ከመጨመራችሁ በፊት እስቲ እናንተ ለአንድ ጥያቄ መልሱ፦ መልሱ ለማን ይጠቅማል?