ተኝቶ አልነቃም ስላለ የኮምፒዩተር ስክሪን

ኮምፒዩተር የመሥሪያ ቤት ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ እንደ ብፌና እንደ ቴሌቪዥን የሳሎን ዕቃ ከሆነ ሰንብቷል። ልጆች ይማሩበታል፤ አባት ደብዳቤ ይጽፍበታል፤ እናት በውጭ አገር ካሉት ዘመዶቿ ጋር ፊት ለፊት ትነጋገርበታለች። ስለዚህ እንደ ማንኛውም የቤት ዕቃ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ከጠባዮቹም መካከል ባለቤቱን እጅግ የሚያስደነግጠው ይህ ነው፦ ሥራውን እንደ ተከፈተ ትቶት ለምሳ ይነሣል፤ ሲመለስ ስክሪኑ ጨልሞ ያገኘዋል፤ ማውሱን ቢያንቀሳቅስ፣ ኪቦርዱን ቢመታ ጨለማው እንዳለ ነው። ከስክሪኑ ጥግ ያለችው ትንሽ መብራት ግን አልጠፋችም፤ እንዲያውም ብልጭ ድርግም ትላለች።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የኮምፒዩተሩን ማብሪያ እስኪጠፋ ድረስ ተጭኖ መያዝ ነው። እኛ ግን ይህ የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባውም እንላለን። በምናውቀው በአንድ ቤት የደረሰው ነገር ምክንያቱን ያስረዳልን። የቤቱ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ጥቂት ቀናት ቀርተዋት ነበር። ጽሑፉን አስቀድማ ስም ሰጥታ አስቀምጣዋለች፤ በዚያን ቀን ከጠዋት ጀምራ የጨመረችውን ግን ገና አላስቀመጠችም። ፕሮግራሙ በራሱ ጊዜ ቅጂ የሚይዝበትም ሥርዐት ተዘግቶ ነበር። ቡና ጠጥታ ስትመለስ ስክሪኑ አልነቃ አላት። ታናሽ ወንድሟ ሊረዳት ሮጦ መጥቶ ማብሪያውን ተጭኖ ያዘ። ኮምፒዩተሩ ጠፋ፤ የጠዋቱም ሥራ አብሮ ጠፋ። እንደገና ሲያበሩት ስክሪኑ አሁንም ጨለማ ነበር። ወደ ጠጋኝ ወስደውት እንደ ታየ ኮምፒዩተሩ ምንም አልሆነም ኖሮአል፤ የደነዘዘው ስክሪኑ ብቻ ነበር፤ እርሱም ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሎ ጥቂት ቆይቶ ሲሰካ በራ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ነገሩን ለማስተዋል፣ ስክሪኑና ኮምፒዩተሩ ሁለት ልዩ ልዩ ዕቃዎች መሆናቸውንና እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው እንቅልፍ እንዳላቸው መረዳት ይገባል። ስክሪኑ ብቻ ተኝቶ ኮምፒዩተሩ ነቅቶ ሥራውን ሊሠራ ይችላል፤ ወይም ሁለቱም አብረው ይተኛሉ። ኮምፒዩተሩ ሲተኛ የተከፈተውን ሥራ ሁሉ ራም በተባለው የማስታወሻ ክፍል ይዞ ሌላውን ያጠፋል፤ ራምም ያለ ኤሌክትሪክ ምንም ሊያስታውስ አይችልም። መብራት ቢቋረጥ ወይም ማብሪያው ተጭኖ ቢያዝ ያልተቀመጠው ሥራ የሚጠፋው ስለዚህ ነው።

የስክሪን እንቅልፍ የተደነገገው ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኢነርጂ ስታር የተባለውን ምልክት አወጣ፤ ከመጀመሪያዎቹ ተቀባዮችም ኮምፒዩተሮችና ሞኒተሮች ነበሩ። በ1993 ደግሞ ቬሳ የተባለው ደንብ አውጪ ማኅበር ኮምፒዩተር ስክሪኑን የሚያስተኛበትንና የሚያነቃበትን ሥርዐት ወሰነ። በዚያ ሥርዐት ኮምፒዩተሩ ምስሉን የሚያስተካክሉ ሁለት ምልክቶች ይልካል፤ አንዱ ለአግድሙ፣ ሁለተኛው ለቁሙ ነው። ሁለቱንም ሲያቋርጥ ስክሪኑ ይተኛል፤ ሲመልሳቸው ይነቃል። ቪጂኤ በተባለው በአሮጌው ገመድ የሚሠሩት እስከ ዛሬ በዚሁ ይተዳደራሉ። ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይፖርት የተባሉት አዲሶቹ ገመዶች ግን ንግግራቸው የሁለት ወገን ነው፤ ስክሪኑ በአንዲት እግር «እነሆ አለሁ» የሚል ምልክት ይሰጣል፤ ኮምፒዩተሩም የስክሪኑን ዐይነትና የሚችለውን የምስል መጠን ከውስጡ ካለ ትንሽ መዝገብ ያነብባል። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ቢነቃና ሌላው ቢዘገይ፣ ሳይገናኙ ይተላለፋሉ። ከምናየው ችግር አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ አለመገናኘት እንጂ ከዕቃው መበላሸት አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የተኛው ማን ነው የሚለው ነው። ይህንንም ለማወቅ ጠጋኝ መጥራት አያስፈልግም። በኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቁልፍ ተጫኑና የእርሱን ትንሽ መብራት ተመልከቱ። በተጫናችሁት ቁጥር ከበራችና ከጠፋች ኮምፒዩተሩ ነቅቷል፤ ጥፋቱ የስክሪኑ ወይም የገመዱ ወይም ምስል የሚልከው ክፍል ነው። መብራቲቱ ምንም ካልመለሰች ግን ኮምፒዩተሩ ራሱ ተኝቷል፣ ወይም ደርቋል፤ ወይም ኪቦርዱ ኤሌክትሪክ አላገኘም። መብራት የሌለው ኪቦርድ ያለው ሰው፣ ሰዎች ሲፒዩ እያሉ የሚጠሩትን ሣጥን ድምፅና የማብሪያውን መብራት ያዳምጥ፣ ይመልከት። (ሲፒዩ በእውነቱ በሣጥኑ ውስጥ ያለች የአንዲት ክፍል ስም ናት፤ ነገር ግን ስሙ ከሣጥኑ ጋር ተጣብቋልና እኛም አንከራከርም።)

ኮምፒዩተሩ ነቅቶ ስክሪኑ ብቻ ከጨለመ፣ ከሁሉ በፊት የሚድነው ሥራው ነው። ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒዩተር ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትንና ቢ የተባለውን ቁልፍ በአንድነት ቢጫኑ ምስል የሚልከው ክፍል እንደገና ይጀምራል፤ የተከፈተው ሥራም አይዘጋም። ብዙ ጊዜ ጢጥ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ስክሪኑም አንዳንድ ጊዜ በዚህ ብቻ ይነቃል። ካልነቃ፣ በጨለማም ቢሆን ማስቀመጥ ይቻላል። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ አንድ ቁልፍ መትቶ ጥቂት መታገሥ፣ ቃሉን በጥንቃቄ ጽፎ ኤንተርን መጫን፣ እንደገና ጥቂት ቆይቶ ኮንትሮልንና ኤስን አብሮ መጫን ነው። ጽሑፉ አስቀድሞ ስም የተሰጠው ከሆነና ከመተኛቱ በፊት ከፊት የነበረው እርሱ ከሆነ በዚህ ይቀመጣል። ስም ላልወጣለት ጽሑፍ ግን ይህ አያስተማምንም፤ ለእርሱ የሚሻለው የቤቱ ቴሌቪዥን ነው። ኤችዲኤምአይ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ቢዘረጋ ቴሌቪዥኑ ስክሪን ይሆናል። ምስሉ ወዲያው ባይወጣ የዊንዶውስን ቁልፍና ፒን በመጫን ምስሉ ወደ የትኛው እንደሚላክ መለወጥ ይቻላል። ቴሌቪዥኑ ለምርመራም ይጠቅማል፤ በእርሱ ምስል ከታየ ኮምፒዩተሩ ጤነኛ ነው፤ ክሱም ወደ ስክሪኑና ወደ ገመዱ ይዞራል።

ከዚህ በኋላ ወደ ስክሪኑ እንምጣ። የስክሪኑን ማብሪያ አጥፍቶ ማብራት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ይህ ዘወትር አይበቃም። በስክሪኑ ውስጥ ምልክት የምትጠብቅ አንዲት ትንሽ አስተናባሪ ክፍል አለችና፣ ማብሪያው ቢጠፋም ገመዱ እስከ ተሰካ ድረስ ኤሌክትሪክ አይቋረጥባትም። መብራት ሄዶ በሚመለስበት፣ ኃይሉም ከፍ ዝቅ በሚልበት አገር ይህች ክፍል መደንዘዟ አያስደንቅም። መድኃኒቷ የስክሪኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቅሎ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ መቆየት ነው፤ በዚያን ጊዜ በውስጡ የቀረው ኃይል ይፈስሳል፤ ሲሰካም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ዲቫይደር የሚሉት ማከፋፈያ ላይ ከሆነ፣ ማከፋፈያውን ትቶ በቀጥታ ከግድግዳው ሰክቶ መሞከርም ይገባል፤ የላላ ማከፋፈያ ስንት ሰው ጠጋኝ ቤት እንዳመላለሰ እግዜር ይቁጠረው።

ቀጥሎ የሚመረመረው መግቢያው ነው። አንድ ስክሪን ሁለት ሦስት የገመድ መግቢያ ይኖረዋል፤ አንዳንዱም ከእንቅልፍ ሲነቃ የትኛውን ማድመጥ እንዳለበት እየተዘዋወረ ይፈልጋል፤ ሲፈልግ ኮምፒዩተሩ መልስ አጥቶ ይተወዋል። ከስክሪኑ ሜኑ ገብቶ «አውቶ» የሚለውን ትቶ ገመዱ የተሰካበትን መግቢያ ስሙን ጠርቶ መምረጥ ይህን ያስቀራል። እዚያው ሜኑ ውስጥ «ዲፕ ስሊፕ» የሚል ምርጫ ካለ ማጥፋት ይበጃል፤ ይህ ጥልቅ እንቅልፍ ስክሪኑን ከመጠን በላይ ስለሚያስተኛው ኮምፒዩተሩ ገመዱ የተነቀለ ይመስለዋል። ኪቦርዱና ማውሱ በስክሪኑ ጀርባ ባለው የዩኤስቢ መግቢያ ለተሰኩበት ሰውም ይኸው ምክር ነው፤ ስክሪኑ ሲተኛ እነርሱም አብረው ይታፈናሉና፣ ቀስቃሹ ራሱ ተኝቶ ማን ማንን ሊቀሰቅስ ነው? በቀጥታ ከሣጥኑ ጋር ይገናኙ።

ስለ ገመድ አንድ ነገር ሳናነሣ አናልፍም፤ ሻጮች እምብዛም አይነግሩትምና። የዲስፕሌይፖርት ገመድ ሃያ እግሮች አሉት፤ ሃያኛው ኤሌክትሪክ የሚወጣበት ነው። የቬሳ ደንብ ተራ ገመድ ይህን ሃያኛ እግር ከጫፍ ጫፍ እንዳያገናኝ ይከለክላል። ደንቡን ሳይጠብቁ በርካሽ የሚሠሩ ገመዶች ግን ያገናኙታል፤ በዚህም ኤሌክትሪክ ከስክሪኑ ወደ ኮምፒዩተሩ በማይገባው መንገድ ይመለሳል፤ ከእንቅልፍ አለመነሣት፣ ኮምፒዩተሩም አልነሣ ማለት ይከተላል። ስለዚህ በዚህ ገመድ የሚሠራ ሰው አዲስ ስክሪን ከመግዛቱ በፊት ደንቡን የጠበቀ ገመድ ተውሶ ይሞክር። የገመድ ዋጋና የስክሪን ዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

የተኛው ኮምፒዩተሩ ራሱ ከሆነ ማብሪያውን አንድ ጊዜ ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ተጭኖ መያዝ አይደለም። አጭሩ መነካት ይቀሰቅሳል፤ ከአራት ሰከንድ በላይ መያዝ ግን ይገድላል። በማብሪያው ነቅቶ በኪቦርዱ የማይነቃ ከሆነ፣ በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ኪቦርዱ ኮምፒዩተሩን እንዲቀሰቅስ የሚፈቅደው ምልክት መኖሩን ማየት ነው። በማብሪያውም የማይነቃ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የግራፊክስ ድራይቨሩ ያረጀ ወይም የተበላሸ ነው፤ ከሠሪው ዘንድ አዲሱን ማምጣት ነው።

እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ያልዳነ ስክሪን በእውነት ታሞ ሊሆን ይችላል። በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ወደ ስክሪኑ በአግድም ጠጋ አድርጉ። የደበዘዘ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ከታያችሁ ምስሉ አለ፤ የጠፋው ከበስተ ኋላው የሚያበራው መብራት ነው። ሁለት ሰከንድ ያህል በርቶ የሚጨልም አሮጌ ስክሪንም ብዙ ጊዜ በሽታው ይኸው ነው። ጠዋት ጠዋት ለመንቃት ከቀን ወደ ቀን ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስድ፣ ከሞቀ በኋላ ግን ደኅና የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በኃይል ክፍሉ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ደክመዋል፤ ራሳቸው ላይ ያበጡ ሆነው ይታያሉ። በ2000ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ዕቃዎች በመጥፎ ካፓሲተር ምክንያት ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል። እነዚህን መለወጥ ለሚያውቅ እጅ ቀላል፣ ዋጋውም ጥቂት ነው፤ «ቦርዱ በሙሉ ተቃጥሏል» የሚል ጠጋኝ ካጋጠማችሁ፣ ያበጠውን አሳየኝ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ነገር ግን ወላጆች ሆይ፣ ልጆች የስክሪኑን ጀርባ እንዳይከፍቱ አጥብቃችሁ ከልክሉ። በአገራችን የሚሠራበት 220 ቮልት ኤሌክትሪክ በስክሪኑ የኃይል ክፍል ውስጥ ሲገባ ተለውጦ ወደ 310 ቮልት ገደማ ሆኖ በትልቁ ካፓሲተር ይከማቻል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ጀርባው ሰፊ የሆነው የጥንቱ የመስተዋት ስክሪን ደግሞ በውስጡ ከሃያ ሺህ ቮልት በላይ ያስተናግዳል፤ እርሱን መንካት የሚገባው የተማረ ሰው ብቻ ነው።

ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ኮምፒዩተሩ ጨርሶ እንዳይተኛ፣ ስክሪኑ ብቻ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንዲጠፋ ማድረግ መልካም ነው። ይህን ከዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ማዘዝ ይቻላል። የመጻፊያውም ፕሮግራም በየ5 ደቂቃው ቅጂ እንዲይዝ ይታዘዝ፤ ይህ ምርጫ በቤታችሁ ኮምፒዩተር ክፍት መሆኑን ዛሬ ማታ ልጆቹን ጠርታችሁ አብራችሁ ተመልከቱ።