በግድግዳ ውስጥ ስለሚቀበረው የኤሌክትሪክ ሽቦ

ኤሌክትሪክ ለሚጠነቀቁለት ታዛዥ አገልጋይ፥ ለሚደፍሩት ግን ብርቱ ጠላት የሚሆን ኃይል ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተሠርቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ ኃይሉ በመጨረሻ ወደ ቤት የሚገባው በቀጭን ሽቦ ስለሆነ፥ ጥቅሙ ሊፈጸም የሚችለው ሽቦው የታመነ እንደ ሆነ ነው።

ከእንጦጦ ማዶ ያለችው ሱሉልታ፥ በገፈርሳ ውሃ አቅራቢያ ያለችው ቡራዩና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር መነሻ የሆነችው ሰበታ፥ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋራ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በእነዚህ ስፍራዎች አዲስ ቤት የሚሠራው ሰው ብዙ ነው። ስለ ድንጋዩና ስለ ቆርቆሮው አጥብቆ የሚጠይቀው ባለቤት ግን፥ በልስን ውስጥ ስለሚቀበረው ሽቦ ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ ያልፋል።

ሽቦ የሚመረጠው በመዳቡ ውፍረት፥ በሽፋኑና በሚዘረጋበት ስፍራ ነው። ለመብራት 1.5፥ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ የተለመደ ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን 4,000 ዋት ያህል ሲስብ በ220 ቮልት 18 አምፔር ይሆናልና፥ ለብቻው የተዘረጋ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይገባዋል። ምጣዱ ከመብራት ሽቦ ጋራ ቢያያዝ መዳቡ ይግላል። ፒቪሲ የሚባለው ሽፋን እስከ 70፥ ኤክስኤልፒኢ የሚባለው እስከ 90 ዲግሪ ሙቀት ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ እየደረቀና እየተሰነጠቀ ሄዶ ለእሳት መንገድ ይከፍታል። ብሬከሩም ሽቦው ከሚችለው በላይ የሆነ እንደ ሆነ፥ አደጋው እስኪደርስ ዝም ይላል።

ደግሞም በግድግዳ ውስጥ ነጠላ ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ፥ በመሬት ውስጥ በብረት የታጠቀ ኬብል፥ ለሚንቀሳቀስ ዕቃ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተፈተለ ገመድ ይስማማል። አረንጓዴና ቢጫ የሆነው ሽቦ የመሬት መስመር ነውና ሌላ ሥራ አይሰጠውም።

ስለዚህ የግንባታ ሹማምንት ሽቦውን መመርመር የሚገባቸው ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ነው፤ ከተለሰነ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ቀለሙን እንጂ ሽቦውን አያይም። ካህናትም፥ ቃላቸው በየቤቱ የሚሰማ ነውና፥ የአብያተ ክርስቲያናቱን አዳራሽ አስመርምረው ለምእመናን ምሳሌ ቢሆኑ መልካም ነው። በሽቦ ዋጋ ጥቂት ብር ያተረፈ ሰው፥ ቤቱን በሙሉ መያዣ አድርጎ እንደ ተበደረ ይቈጠራል።