«ትኬት ቆርጫለሁ» ሲል ምን ማለቱ ነው? የውርርድ ቋንቋና ወጣቶቻችን

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው፣ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ሉማሜ የሚኖሩ አንዲት እናት የገጠማቸውን ሲናገሩ መጀመሪያ ፈገግ ያሰኛሉ። ልጃቸው በስልክ ለጓደኛው «ትኬት ቆርጫለሁ፤ ነገ ማታ ይለይለታል» ሲል ሰሙ። እናትም «ልጄ ሳይነግረኝ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው» ብለው ስንቅ ሲያዘጋጁ አመሹ። በማለዳ በሶውን ቋጥረው «እንግዲህ መንገድህን ያቅናልህ» ብለው ሲመርቁት፣ ልጁ «የምን መንገድ፣ እማዬ?» አለ። ትኬቱ የአውቶቡስ አልነበረም። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ጤፍ ተሸጦ ለማዳበሪያ የተቀመጠው ገንዘብ ጎድሎ ተገኘ፤ ያን ጊዜ ፈገግታው ቀረ።

ይህች እናት ልጃቸውን ሳይሰሙ የቀሩ አይደሉም። ሰምተዋል፤ ቋንቋው ግን ሌላ ነበር።

የስፖርት ውርርድ በአገራችን ሲስፋፋ የራሱን መዝገበ ቃላት ይዞ መጥቷል። «ቁማር ልጫወት» የሚል ወጣት እምብዛም አይሰማም። የሚባለው «ቤቲንግ»፣ ሲያጥርም «ቤት» ነው። የባዕድ አገሩ ቃል በጆሯችን ላይ ሲያርፍ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መቅደስ፣ ቤተ ሰብእ የምንልበትን፣ ሰው ደክሞ የሚገባበትን ያንኑ ቃል መምሰሉ አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን ለነጋዴዎቹ የተመቸ አጋጣሚ ነው። ቁማር የሚለው ስም ከአባቶቻችን ጀምሮ የኀፍረት ሽታ አለው። ቤቲንግ ግን ገና ሽታ አላወጣም። «ጌም ተጫወትሁ» የሚለውም ልጁ ሜዳ ወርዶ ኳስ የመታ ያስመስለዋል እንጂ ገንዘብ ማስያዙን አይናገርም።

ከዚያ የሚከተሉት ቃላት የሥራው መሣሪያዎች ናቸው። «ኦድ» የተያዘው ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር ነው። «ኦቨር» እና «አንደር» በጨዋታው የሚቆጠሩት ጎሎች ከተወሰነ ልክ፣ ብዙ ጊዜ ከ2.5፣ በላይ ወይም በታች ይሆናሉ ማለት ነው። «ጂጂ» ሁለቱም ቡድኖች ያገባሉ ብሎ መያዝ፣ «ካሽ አውት» ጨዋታው ሳያልቅ በቅናሽ ገንዘብን ወስዶ መውጣት ነው። ከእነዚህ መካከል ከቀድሞው የቁማር ቋንቋ የተረፉት «በላ» እና «ተበላ» ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። በእኔ አስተያየት ከሁሉም እውነተኞቹ እነዚህ ናቸው። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና በዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ ላደገ ሰው ከሰም ውስጥ ወርቅ ማውጣት እንግዳ አይደለም፤ «ተበላሁ» የሚለው ቃል ግን መፍቻ እንኳ አይሻም።

ስለ ኦድ ጥቂት ማስላት ይጠቅማል። አንድ ጨዋታ ኦቨር ወይም አንደር የመሆን ዕድሉ እኩል ነው እንበል። ፍትሐዊው ክፍያ ለአንድ ብር ሁለት ብር ነው። ድርጅቱ ግን 1.90 ብቻ ቢሰጥ ልዩነቱ አምስት በመቶ ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ወጣቱ ግን በአንድ ጨዋታ አይወሰንም፤ ትልቅ ኦድ ፍለጋ ዐሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት ይቆርጣል። 1.90 ዐሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ 613 ገደማ ይሆናል። በ20 ብር 12,260 ብር! ለድሃ ልጅ ይህ ቁጥር ያፈዝዛል። ነገር ግን ዐሥሩም የመሳካት ዕድላቸው ከ1,024 አንድ ስለሆነ ፍትሐዊው ክፍያ 20,480 ብር መሆን ነበረበት። ያቺ ትንሽ የመሰለች አምስት በመቶ ዐሥር ጊዜ ተደራርባ ከተገቢው ክፍያ አርባ በመቶውን ቆርጣለች። በዚህ ላይ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ዐዋጅ ከ1,000 ብር በሚበልጥ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር። «ትኬት ቆረጥሁ» ሲል ማን ማንን እንደቆረጠ ከዚህ ይታያል።

«በአንድ ጌም ተበላሁ» የሚለው አባባልም ልብ ሊባል ይገባዋል። ዘጠኙ ተሳክተው ዐሥረኛው ሲሳት ልጁ የሚሰማው መሸነፍ ሳይሆን ለጥቂት ማምለጥ ነው፤ ስለዚህም በማግሥቱ ይመለሳል። ዘጠኝ አግኝቶ አንድ የሳተም፣ ዐሥሩንም የሳተም የሚያገኙት እኩል ዜሮ መሆኑን አባባሉ ይሸፍነዋል።

ከሁሉም የከፋው «ሹር ኦድ» እና «ፊክስድ» የሚባለው ነው። በቴሌግራም «ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ጨዋታ አለኝ» እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች አሉ። ዘዴው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ለ900 ሰዎች መልእክት ይላካል፤ ለ300ው ባለሜዳው ያሸንፋል፣ ለ300ው አቻ፣ ለ300ው እንግዳው። ትክክል ከደረሳቸው 300 መካከል በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና በሦስት ይከፈላል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ «ትንቢቱ የያዘላቸው» 100 ሰዎች ሦስተኛውን በገንዘብ ይገዛሉ። ጠንቋይ ቤት መሄድን የሚጸየፍ ክርስቲያን በስልኩ ውስጥ ያለውን ጠንቋይ ሳያውቀው ቀረ።

ፈቃድ ያላቸው አወራራጆች ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው የተከለከለ መሆኑን በማስታወቂያቸው ይጽፋሉ። በአዲስ አበባም የከተማው አስተዳደር ብዙ ውርርድ ቤቶችን ያሸገበት ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ለማስያዝ ከቤት መውጣት እንኳ አያስፈልግም፤ የታሸገ በር ስልክን አያሽግም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በዘለቀው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ወጣቱ ሥራም ትምህርትም አጥቶ ሲቀመጥ፣ «በ20 ብር 12 ሺሕ» የሚለው ጥሪ በሰላሙ ቀን ከሚሰማው ይልቅ ጎልቶ ይሰማል። ልጆቹን ስንወቅስ ይህን መርሳት የለብንም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። «ትኬቴ ከበላልኝ ሻማ አገባለሁ፣ ዐሥራቱንም አወጣለሁ» ብለው የሚሳሉ አሉ። ስእለት የእምነት ሥራ ነው፤ ነገር ግን በኦሪት ዘዳግም 23፥18 በነውር የተገኘ ዋጋ ለስእለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ተከልክሏል። ያ ገንዘብ የሌላ እናት የማዳበሪያ ገንዘብ ሊሆን ይችላልና። «ማትያስስ በዕጣ አልተመረጠምን?» የሚሉም አይጠፉም። ሐዋርያት ዕጣ የጣሉት ጸልየው ነው፤ ያስያዙት ገንዘብ፣ የበሉት ወንድም አልነበረም። ለጥቅም ዕጣ ሲጣጣሉ በወንጌል የምናገኛቸው ከመስቀሉ ሥር የጌታን ልብስ የተካፈሉት ወታደሮች ናቸው። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 65፥11 እግዚአብሔርን ትተው ለዕድል ማዕድ የሚያዘጋጁትን ይገሥጻል። የሐዋርያት ቀኖናም ካህኑንም ምእመኑንም ከቁማር እንዲታቀብ፣ እምቢ ካለ እንዲለይ ያዝዛል።

አንድ ነገር ልጨምር። የእንግሊዝ ጨዋታዎች የሚበዙት ቅዳሜ ከቀኑ 11 ወይም 12 ሰዓት ጀምሮ፣ እሑድም ነው። የሠርክ ጉባኤና የሰንበት ትምህርት ቤት መርሐ ግብር በሚካሄድበት ሰዓት ወጣቱ ቢመጣ እንኳ እጁ ከስልኩ ላይ ነው፤ ዝማሬው መካከል የሚያየው ውጤት አለው።

ስለዚህ የንስሓ አባቶች «ቁማር ትጫወታለህን?» ብለው ቢጠይቁ ልጁ «የለም፣ አባ» ሊል ይችላል፤ በራሱ ዘንድም የዋሸ አይመስለውም። «ስንት ኦድ ያዝህ? በዚህ ሳምንት ስንት ትኬት ተበላህ?» ቢባል ግን ቀና ብሎ ያያል። የሉማሜዋ እናት ይህን ተምረዋል። አሁን ልጃቸው ስልኩን ይዞ ጥግ ሲፈልግ «ዛሬስ የቆረጥኸው ትኬት የየት አገር ነው? ስንቅ ላዘጋጅ?» ይሉታል አሉ።