ከጉሮሮ እስከ አንጎል

ልጅ «ጉሮሮዬን» ሲል ሉማሜም ሆነ ደብረ ማርቆስ «ቶንሲል ነው፣ ይተወዋል» እንላለን። ብዙ ጊዜም ይተወዋል። መንስኤው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን ግን በአንዳንድ ልጆች ላይ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ የልብ ቫልቭንም ይጎዳል። ሲውል ሲያድር በተጎዳው ልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ይሄድና፣ የሽማግሌ በሽታ የምንለው ስትሮክ ተማሪውን ልጅ ይጥለዋል።

ይህን እትም ለዚህ ሰጥተነዋል። እንጥል ማስቆረጥ የልብ በሽታውን አይከላከልም። የጉሮሮ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ግን ይከላከላል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ በ2001 ዓ.ም. የተከፈተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ቫልቭ ይጠግናል፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። በጤና ጣቢያ መርፌ ሊቀር የሚችል ነገር እዚያ መድረሱ ያንገበግበኛል። ልጅዎ ትኩሳት ይዞት መዋጥ ካቃተው ዛሬውኑ ያስመርምሩት።