አብዮቱን ያመጣው መጽሐፍ ብቻ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ 1966ቱ አብዮት በአገልጋዮች መካከል ሲወሳ ደጋግመን የምንሰማው አነጋገር አለ፤ «ከሩሲያ የመጣ ክህደት ተማሪዎችን አሳተ፤ ተማሪዎችም ዘውዱን ጣሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ያለ በደሏ ተቀጣች» የሚል። ስለሚያጽናናን እንወደዋለን። እውነቱ ግን ጎዶሎ ነው።

ክህደቱን ማንም አይክድም። ደርግ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስን በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሠራቸው፤ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው። ዐፅማቸው ከእኛ ከመካኒሳ አቦ ሩቅ ባልሆነው በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ዐርፏል። ሄዳችሁ ያልተሳለማችሁ ተሳለሙ።

ነገር ግን መጽሐፉ መጣበት የተባለውን አገር እስኪ እንመርምር። ጥር 14 ቀን 1897 ዓ.ም. እሑድ ዕለት የፒተርስቡርግ ሠራተኞች ቅዱሳት ሥዕላትንና የዛሩን ምስል ይዘው፣ እየዘመሩ፣ ወደ ቤተ መንግሥት አቀኑ። መሪያቸው ጋፖን የሚባል ካህን ነበር (የኋላ ታሪኩ ሌላ ነው)። የያዙት አቤቱታ እንጂ ጦር መሣሪያ አልነበረም። ወታደሮች ተኮሱባቸው። ሲኖዶሱስ ምን አለ? ሁከቱን የጠላት አገር ገንዘብ እንዳነሣሣው ተናግሮ አወገዘ። ታላቁ ጴጥሮስ መንበረ ፓትርያርኩን ካስቀረ ወዲህ ሲኖዶሱን የሚቆጣጠረው የዛሩ ሹም ነበርና ሌላ ቃል ከየት ይምጣ? ዛሩ የወደቀው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለቤተ ክርስቲያኒቱ የሚራራ ሠራተኛ ጥቂት ሆነ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ መንግሥት ደበቀ፤ ፎቶግራፉን ለሕዝብ ያሳዩት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ። በጥር 1966 የነገሌ ቦረና ወታደሮች የተነሡት ስለ ምግብና ስለ ውኃ ነው፤ ሊያነጋግራቸው የመጣውን ጄኔራል የእነርሱን ምግብ አበሉት! በየካቲት የታክሲ ነጂዎችና መምህራን ሥራ አቆሙ። የአዲስ አበባ ካህናት እንኳ ስለ ደመወዛቸው ጮኹ። ሚያዝያ 12 ሙስሊሞች እኩልነት ጠይቀው ሲሰለፉ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። ከእነዚህ ውስጥ ሌኒንን ያነበበው ስንቱ ነው?

እኛስ የት ነበርን? የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ የንጉሠ ነገሥቱ ስም በጸሎት ሁሉ እንዲነሣ ደነገገ። ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ ይባል ነበር፤ በብዙ ቦታ ግን አራሹ ሲሶውም አልተረፈለትም። ገባሩ ከምርቱ እስከ እኩሌታ ሲገብር ከዐውደ ምሕረት የተሰማው ተግሣጽ ምን ያህል ነው? የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ሲወረስ ርስታችን አብሮ ሄደ፤ ያለቀስነው ስለ ርስቱ ነው ወይስ ስለ ገባሩ?

«ካህን ከፖለቲካ ምን አለው?» የሚሉ አሉ። ኤልያስ ስለ ናቡቴ ወይን በአክአብ ፊት የቆመው የየትኛው ፓርቲ አባል ሆኖ ነው? አባ አኖሬዎስ ዐፄ ዓምደ ጽዮንን ሲገሥጹስ? የአቡነ ጴጥሮስን ሰማዕትነት ደስ ብሎን እንሰብካለን፤ ያ ጠላት ባዕድ ነበርና መስበኩ አይከብድም። የገዛ ንጉሥን የገሠጹትን ግን በገድላቸው ዕለት እንኳ በለሆሳስ እናልፋቸዋለን።

በዩኒቨርሲቲ ቤተ ክርስቲያንን «የፊውዳል መሣሪያ» ብቻ አድርገው የሚያዩ ጓደኞች አሉኝ። ስለ አቡነ ቴዎፍሎስ ደም ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ። እነርሱ ስለ ወሎ ሲጠይቁን ግን የእኛ መልስ ዝምታ መሆን የለበትም። ስለ ድኻ የሚጠይቀውን የሰንበት ተማሪ «ፖለቲከኛ» ብለን የምናሸማቅቀውም ከዚሁ ልማድ ተነሥተን ነው፤ እርሱም ጥያቄውን ይዞ ሌላ ደጅ ይሄዳል።

እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ የዘንድሮው ትምህርት 1966 ላይ ሲደርስ ከደርግ አትጀምሩ። ከወሎ ጀምሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።