ሳይቃጠል በቅጠል፦ ለትራካችን የትኛው የሰርቪስ ፕላን ይሻላል?



ባለፈው ወር ሲያትል አካባቢ የምትኖር አንዲት እህታችን ደወለችልኝ። ባለቤቷ ሦስት ትራክ አለው። አንዱን ራሱ ይነዳል፣ ሁለቱን ሹፌር ቀጥሮ ያሠራል። ሒሳቡንና ወረቀቱን የምትይዘው እሷ ናት። «ሁለት የሰርቪስ ኮንትራት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። እሱ ርካሹን ፈርሚ ይለኛል፣ እኔ ግን ፈራሁ» አለችኝ።

ለምን እንደፈራች ስጠይቃት ትንሽ ዝም አለች። ልጃቸው በተመረቀ ዕለት አባትየው ዩታ ውስጥ መንገድ ዳር ቆሞ ጎታች መኪና ሲጠብቅ ነበር። ትራኩን ያቆመው ትልቅ ብልሽት አልነበረም፤ አርጅቶ የተሰነጠቀ የራዲያተር ቱቦ ነው። «ቱቦው ስንት ያወጣል? ምረቃው ግን ተመልሶ አይመጣም» አለች።

ብዙ ቤተሰብ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ስለዚህ የዚህ ወር ዓምዳችን አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ትራክ ላላችሁ ወገኖቻችን ይሁን።

ሕጉ ምን ይላል?

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ ሕግ ማንኛውም የትራንስፖርት ድርጅት መኪኖቹን በፕሮግራም እንዲያስፈትሽ፣ እንዲያስጠግንና መዝገብ እንዲይዝ ያዛል። መዝገቡ የመኪናውን መለያ፣ የተሠራውን ሥራ ከነቀኑ፣ ቀጣዩ ሰርቪስ ምን እንደሆነና መቼ እንደሚደርስ ማሳየት አለበት። የ1 ዓመቱ መዝገብ ይቀመጣል፤ መኪናው ከእጃችሁ ከወጣ በኋላም ለ6 ወር ይያዛል።

ከዚህ ሌላ በየ12 ወሩ ዓመታዊ ምርመራ አለ። አገር ቤት «ቦሎ» እንደምንለው አስቡት። ብዙ ሰው የሚረሳው ተሳቢውን ነው። ትሬለሩም ለብቻው ይመረመራል። የምርመራው ወረቀት ለ14 ወር መቀመጥ አለበት።

ኮንትራት የገባ ጋራዥ ቢኖራችሁም ተጠያቂነቱ ከድርጅቱ አይወርድም። «መካኒኩ ነው የረሳው» ብትሉ መንገድ ላይ የሚፈትሸው ሰው አይሰማችሁም። የተገኘው ጉድለት በድርጅቱ መዝገብ ላይ ለ2 ዓመት ይቆጠራል፤ ኢንሹራንሱም ያየዋል። በሌላ ድርጅት ፈቃድ ሥር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ያ ድርጅት የሰርቪስ ወረቀታችሁን ይጠይቃችኋል፤ ስለዚህ ያው መያዝ ነው።

ትራካችሁ የሚሠራው ምን ዓይነት ሥራ ነው?

ፕላን ከመምረጣችሁ በፊት የምትመልሱት ጥያቄ ይህ ነው። ለእህታችንም መጀመሪያ ያልኳት ይህንኑ ነው። ከሦስቱ ትራኮች ሁለቱ ከሲያትል ዳላስ ይመላለሳሉ፤ አንድ ጉዞ ወደ 2,100 ማይል ነው። ሦስተኛው ከሲያትል ወደብ ኮንቴይነር እያነሳ ኬንት ወዳሉት መጋዘኖች ያደርሳል። ማይሉ ትንሽ ስለሆነ «ያ ትራክ ብዙ አይለፋም» ብለው ሰርቪሱን ያቆዩት ነበር።

ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ወደብ ላይ ሰልፍ ሲጠበቅ ሞተሩ አይጠፋም። ማይሉ አይቆጥርም፣ ዘይቱ ግን ያረጃል። በአጭር መንገድ ላይ ሞተሩና ጭሱ በደንብ ስለማይሞቁ ዲፒኤፍ የሚባለው የጭስ ማጣሪያም ቶሎ ይደፈናል። እየቆመ እየተነሳ ስለሚውል የፍሬን ሸራውም ቶሎ ያልቃል። የሩቅ መንገዱ ትራክ በበኩሉ ሌላ ፈተና አለበት፦ ጎማ፣ የመሪ ክፍሎች፣ የስኖኳልሚን ተራራ በከባድ ጭነት ሲወርድ ደግሞ ፍሬን።

ስለዚህ የወደቡን ትራክ በማይል ብቻ ሳይሆን በሞተር ሰዓት ቁጠሩት። ሰዓቱን የራሱ የትራኩ ኮምፒውተር ይነግራችኋል። የዘይት ቅያሪ ልኩን ደግሞ ከጓደኛ ሳይሆን ከትራኩ ማኑዋል ውሰዱ። ማኑዋሉ ለሩቅ መንገድና ለከባድ ሥራ የተለያየ ቁጥር ነው የሚሰጠው።

ሦስት ዓይነት ፕላን

አንደኛው ራስን በራስ ማስተዳደር ነው። የምታምኑት የሰፈር መካኒክ አለ፣ ቀኑን እናንተ ትይዛላችሁ፣ በሠራው ልክ ትከፍላላችሁ። ወጪው ይቀንሳል። ነገር ግን ቀን የሚያስታውስ ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ፕላኑ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። መኪናው ሩቅ አገር ሲቆምም መካኒኩ አይደርስላችሁም።

ሁለተኛው ከትራኩ ሻጭ ወይም በየስቴቱ ቅርንጫፍ ካለው ጋራዥ ጋር ኮንትራት መግባት ነው። በወር ወይም በማይል ይከፈላል። ለሩቅ መንገድ ይመቻል፣ መዝገቡንም ይይዙላችኋል። ችግሩ ሰርቪስ ሲባል ምኑ እንደሚካተት ነው። ጋራዦች ብዙውን ጊዜ በፊደል ይከፍሉታል። «ኤ» የሚሉት ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራት፣ ቱቦና ቀበቶ ማየትና ግራሳጆ ማድረግ ነው። «ቢ» ላይ ዘይትና ፊልትሮ ይጨመራል። «ሲ» ከዚያ ጠለቅ ያለ ፍተሻ ነው። ዝርዝሩ ግን ከጋራዥ ጋራዥ ይለያያል፤ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሦስተኛው ትራኩን ከነጥገናው መከራየት ነው። ራስ ምታቱ ይቀንሳል፤ ክፍያው ግን ከፍ ይላል፣ በመጨረሻም ትራኩ የእናንተ አይሆንም።

ሳትፈርሙ እነዚህን ጠይቁ

— ጎማ፣ የፍሬን ሸራና የዲፒኤፍ እጥበት አሉበት ወይስ ለብቻ ይከፈላሉ?
— መንገድ ላይ ሲቆም ጎታች መኪናውን ማን ይከፍላል?
— እኛ በምንሄድበት መንገድ ላይ ስንት ጋራዥ አላችሁ? ቅዳሜና እሑድስ ትሠራላችሁ?
— ትሬለሩ ተካቷል?
— ትራኩን ብንሸጥ ወይም ሥራ ብናቆም ኮንትራቱ እንዴት ይፈርሳል?
— መዝገቡን በፈለግን ጊዜ ኮፒ ታደርጉልናላችሁ?

እህታችን እነዚህን ይዛ ሁለቱንም ቦታ ደወለች። ርካሹ ኮንትራት ዲፒኤፉንም፣ ትሬለሩንም፣ ጎታች መኪናውንም አያካትትም ነበር። እነሱ ሲደመሩ ርካሹ ውድ ሆነ።

ለመኪናው እቁብ ጣሉለት

የትኛውንም ፕላን ብትመርጡ ገንዘቡ አስቀድሞ ካልተቀመጠ ሰርቪሱ ይገፋል። «ይህን ሎድ ላድርስና» ይባላል፣ ከዚያ ቀጣዩ ሎድ ይመጣል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ምርምር ተቋም ለ2023 ባወጣው ስሌት የጥገና ወጪ በአማካይ በማይል ወደ 20 ሳንቲም ነው። በወር 8,000 ማይል የሚሄድ ትራክ ካላችሁ 1,600 ዶላር ማለት ነው። ያረጀ ትራክ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። ክፍያ በገባ ቁጥር ድርሻውን ለይታችሁ በሌላ አካውንት አስቀምጡ፤ እቁብ ጣሉለት። እቁብን በቀኑ የማይከፍል ሐበሻ የለም፤ መኪናውም አንድ ዕጣ ይኑረው።

ደብተሩን ማን ይይዛል?

ከሁሉም ፕላን በፊት የሚመጣው በየቀኑ ዓይን መጣል ነው። ሹፌሩ ከመነሳቱ በፊት ትራኩን ዞሮ ያያል። የፊት ጎማ ጥርስ ከአንድ ኢንች 4/32፣ የሌሎቹ ከ2/32 ማነስ የለበትም። በቀኑ መጨረሻ ጉድለት ካገኘ ይጽፋል፤ ለደህንነት የሚያሰጋ ጉድለት ሳይጠገን ደግሞ ትራኩ አይወጣም። የቀጠራችሁት ሹፌር ብልሽት ሲነግራችሁ አትቆጡት። የተቆጣችሁት ሹፌር ሁለተኛ ጊዜ አይነግራችሁም። ከዚያ በኋላ የሚነግራችሁ መንገዱ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ የሌላ ሰው ልጆች የተሳፈሩባት ትንሽ መኪና ትኖራለች።

ልጆችም ድርሻ አላቸው። ከትራኩ ሥር ይግቡ አላልኩም! ደብተሩን ግን መያዝ ይችላሉ። የእህታችን የ14 ዓመት ልጅ በስልኳ ላይ ሠንጠረዥ ሠርታለች፦ የትራኩ ቁጥር፣ ማይል፣ የሞተር ሰዓት፣ ያለፈው ሰርቪስ፣ ቀጣዩ ሰርቪስ። እሑድ እሑድ ከቡና በኋላ «አባዬ፣ ሦስተኛው ትራክ ቀኑ አልፏል» ትለዋለች። «እሺ፣ በሚቀጥለው ሳምንት» ሲላት ዝም አትልም። ምረቃው ላይ ያልነበረ አባት መሆኑን ታውቃለች፤ የሷም ምረቃ ሩቅ አይደለም።

መጨረሻ ላይ ምን ወሰኑ? ለሩቅ መንገዶቹ ሁለት ትራኮች ሰፊ ቅርንጫፍ ያለውን ኮንትራት ፈረሙ። የወደቡን ትራክ ለሰፈራቸው መካኒክ በሞተር ሰዓት ቆጠራ ሰጡት። አንድ ፕላን ለሁሉም አልሆነም፤ መሆንም አልነበረበትም። እናንተም ኮንትራቱን ከማንበባችሁ በፊት ትራካችሁ የት እንደሚውልና እንዴት እንደሚለፋ አንድ ወር ጽፋችሁ እዩ። ምርጫው ከዚያ በኋላ ይቀላል።

የወር ሰው ይበለን። መንገዱን ሰላም ያድርግላችሁ!